የደረሳው ዳቦ፦ ከአዝሀር ሪዋቅ እስከ ዶክትሬት ስኮላርሺፕ



ከከተማ ወጣቶቻችን ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ። «ማስተርሴን ጨርሻለሁ። ውጭ ወጥቼ ዶክትሬቴን መማር እፈልጋለሁ። ግን ማን ይከፍልልኛል?» የሚል። አንዳንዱ በዚህ ጥያቄ ላይ ቆሞ ዓመታት ያልፉበታል። አንዳንዱ «ስኮላርሺፕ አገኝልሃለሁ» ላለው ደላላ ያጠራቀማትን ብር አስረክቦ ባዶ እጁን ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ «ይህ ለኛ ዓይነት ሰው የተዘጋጀ ነገር አይደለም» ብሎ ሳይሞክር ይተወዋል።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። ከ600 ዓመት በፊት ከሀበሻ ምድር ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ካይሮ የገባ ደረሳም ይህንኑ ጠይቋል። የት አድራለሁ? ምን እበላለሁ? ኪታብ በምን እገዛለሁ? መልስም አግኝቷል። ያ መልስ እንዴት እንደተገኘ፣ እንዴት እንደተበላሸ፣ ከዚያም በምን እንደተተካ ብናውቅ ዛሬ የምንፈልገውን ስኮላርሺፕ በሌላ ዓይን እናየዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ለተማሪ የሚሰጥ ዳቦ ሁሉ ከጀርባው የሰጪ እጅ አለ። ያ እጅ የአንድ ገዢ ብቻ ሲሆን ዳቦው በአንድ ቀን ይቋረጣል። የተማሪው ወገን ድርሻ ያለበት ዳቦ ግን ዕድሜው ይረዝማል። እስቲ ታሪኩን አብረን እንመልከት።

በሀገር ቤት ደረሳን ማን ያበላ ነበር?

ከራሳችን እንጀምር። በወሎ በዳናም ሆነ በጃማ ንጉሥ፣ ደረሳው ከሩቅ ሀገር በእግሩ መጥቶ በደሳ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሸኹ ያቀራሉ፤ የአካባቢው ሰው ያበላል። ገበሬው ከአዝመራው፣ እናት ከሌማቷ ታካፍላለች። ማንም «የትምህርት በጀት» ብሎ አልጠራውም። ነገር ግን በጀት ነበር። ደረሳው ፊቅሁን ጨርሶ ወደ ነሕው፣ ከነሕው ወደ ተፍሲር ሲሸጋገር፣ ከሸኽ ወደ ሸኽ ሲዘዋወር፣ የሚያበላው ሰው ይኖራል ብሎ ተማምኖ ነው።

ይህ አደራ ግን አንድ ቦታ ላይ ያበቃል። ደረሳው በሀገሩ ያለውን ዒልም ጨርሶ «ከዚህ በላይ የሚያቀራኝ ወዴት ነው?» ሲል መንገዱ ወደ ባሕር ማዶ ይወስደዋል። እዚያ የሚያውቃት እናት የለችም፤ ሌማትም የለም። ታዲያ ማን ያበላዋል?

የኛ ሰዎች በአዝሀር

የአዝሀር መስጂድ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በፋጢሚዮች ዘመን ተሠራ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሂጅራ ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጊዜ በኋላ መስጂዱ ከብዙ ሀገር የሚመጡ የዒልም ፈላጊዎች መሰብሰቢያ ሆነ። ተማሪዎቹ የሚያድሩትና የሚያጠኑት ሪዋቅ በሚባሉ ክፍሎች ነበር። ሪዋቅ ማለት በመስጂዱ ምሰሶዎች መካከልና ዙሪያ የተከለለ ስፍራ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ በስሙ የሚታወቅ ሪዋቅ ነበረው።

ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አልመቅሪዚ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በመስጂዱ የሚኖሩት ሰዎች 750 እንደደረሱ ጽፈዋል። ከፋርስ የመጡ፣ ከመግሪብ የመጡ፣ ከግብፅ ገጠር የመጡ ነበሩ። ከእነርሱ ጋር ዘያሊዓ የሚባሉትን ይቆጥራሉ። ዘያሊዓ ማለት በዘይላዕ ወደብ ስም የሚጠሩ የኛው አካባቢ ሙስሊሞች ናቸው። በኋላ ዘመን ደግሞ «ሪዋቀል ጀበርት» የሚለው ስም ታወቀ። ጀበርቲ የሚለውን ስም ዛሬም በሀገራችን የምናውቀው ነው።

ምን ይበሉ ነበር? አልመቅሪዚ እንደሚነግሩን ባለሀብቶች ወርቅ፣ ብርና ሳንቲም እየያዙ ይመጡላቸው ነበር። ምግብ፣ ዳቦና ጣፋጭም በተለይ በበዓላት ይጎርፍላቸው ነበር። ከዚህ ሌላ ወቅፍ አለ። አንድ ሰው እርሻውን፣ ሱቁን ወይም ቤቱን ለአላህ ብሎ ያስራል። ንብረቱ አይሸጥም፣ አይወረስም። ከኪራዩና ከምርቱ የሚገኘው ገቢ «ለዚህ ሪዋቅ ተማሪዎች» ተብሎ ይመደባል። ተማሪው በየቀኑ የሚደርሰው የዳቦ ድርሻ ጂራያ ይባል ነበር።

ወጣቶች ይህን ልብ በሉ። ወቅፍ የሚሰጠው ሰው ቅድመ ሁኔታውን ጽፎ ካሰረው በኋላ ይሞታል። ከሞተ በኋላ ሐሳቡን ሊቀይር አይችልም። ለጀበርት ተማሪ ብሎ ያሰረው ዳቦ፣ ፖለቲካው ቢለወጥም ለጀበርት ተማሪ ነው። የወቅፍ ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነበር።

ከዚያ አካባቢ የወጣው ዒልምም ተራ አልነበረም። ፈኽሩዲን አዝዘይለዒ በሂጅራ 705 ካይሮ ገብተው ያስተማሩ የሐነፊ ፊቅህ ሊቅ ናቸው። «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተባለው ኪታባቸው እስከ ዛሬ ይቀራል። በሂጅራ 762 ያረፉት ጀማሉዲን አዝዘይለዒ ደግሞ «ነስቡር ራያ» በተሰኘው ሥራቸው የአንድን ትልቅ የፊቅህ ኪታብ ሐዲሶች ምንጭ በምንጭ መርምረዋል። ከታዋቂው የሐዲስ ሊቅ ከዘይኑዲን አልዒራቂ ጋር ኪታቦችን አብረው እየመረመሩ፣ እያንዳንዳቸው በየሥራቸው ይረዳዱ እንደነበር ተመዝግቧል። ዛሬ የዶክትሬት ተማሪ ምንጭ መፈተሽ፣ ከባልደረባ ጋር መመራመር የሚለውን ሥራ እነዚህ ሰዎች በዘይለዒ ስም ሠርተውት አልፈዋል። ረሒመሁሙላህ።

ከካኒም የተላከ ገንዘብ

ከኛ ወገን ወጣ ብለን ወደ ምዕራብ እንይ። በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ካኒም የሚባል የሙስሊሞች መንግሥት ነበር። በሂጅራ 640ዎቹ፣ ማለትም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ የካኒም ሰዎች ለሐጅ ሲጓዙ ግብፅ ገቡ። ከዚያም ዐለሙዲን ኢብኑ ረሺቅ ለተባሉ ቃዲ ገንዘብ ሰጡ። ቃዲውም በዚያ ገንዘብ የማሊኪያ መድረሳ ሠሩ። መድረሳው በስማቸው መድረሰቱ ኢብኒ ረሺቅ ተባለ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አልመቅሪዚ እንደሚሉት የመድረሳው ዝና በሀገራቸው ስለገነነ፣ በአብዛኛው ዓመት ገንዘብ ይልኩለት ነበር።

እስቲ ይህን አስቡት። ከቻድ ሐይቅ እስከ ካይሮ በግመል የወራት መንገድ ነው። ባንክ የለም፣ ስልክ የለም። ነገር ግን ሰዎቹ «ልጆቻችን እዚያ ይማራሉ» ብለው በረሃውን አቋርጠው ገንዘብ ይልካሉ። አፍሪካውያን በውጭ ሀገር ለሚማር ተማሪ የመጀመሪያውን ድጎማ ከሌላ አልጠበቁም። ራሳቸው አዋጥተው ጀመሩት። ስለ አፍሪካ ተማሪና ስለ ስኮላርሺፕ ሲወራ ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጥ ነበረበት።

ዳቦው የተቋረጠበት ቀን

ወቅፍም ቢሆን ጠባቂ ካጣ ይፈርሳል። በሂጅራ 818፣ ማለትም በ1415፣ አንድ የመምሉክ አሚር የአዝሀር ናዚር ሆኖ ተሾመ። ናዚር ማለት የወቅፉ ኃላፊ ነው። ሹሙ በመስጂዱ የሚኖሩት ተማሪዎችና ድሆች እንዲወጡ አዘዘ። ሳጥኖቻቸው፣ ቁም ሳጥኖቻቸው፣ የቁርኣን ማስቀመጫዎቻቸው ሳይቀሩ ወደ ውጭ ተጣሉ። ሰውየው ይህን ያደረገው ለአላህ ብሎ እንደሆነ ያምን ነበር ይላሉ አልመቅሪዚ። ውጤቱ ግን መከራ ነበር። ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ ማደሪያ አጡ፤ ቂርኣታቸውና ትምህርታቸው ተቋረጠ።

ከተበተኑት መካከል የኛ ሰዎችም ነበሩ። ለዓመታት ተጉዞ የመጣ ደረሳ በአንድ ሹም ትእዛዝ ጎዳና ላይ ቀረ። ይህን ክስተት ያዙልን፤ ወደ ፊት በሌላ መልክ ሁለት ጊዜ እናገኘዋለን።

ሪዋቁ ግን አልጠፋም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ዐብዱረሕማን የተባሉ ሰው ከጀበርት ምድር ተነስተው በጅዳና በመካ በኩል ካይሮ ገቡ፤ የጀበርት ሪዋቅ ሸይኽም ሆኑ። ኃላፊነቱ በቤተሰባቸው ውስጥ ተላለፈ። ከዘራቸው የተወለዱት ሸይኽ ሐሰን አልጀበርቲ፣ በ1774 ያረፉት፣ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ሆኑ። አውሮፓውያን ሳይቀሩ ከእርሳቸው ጂኦሜትሪ ለመማር ይመጡ እንደነበር ልጃቸው መዝግበዋል። ልጃቸው ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ ደግሞ ከ1753 እስከ 1825 የኖሩት ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወር፣ ወታደሮቹ ከነፈረሳቸው አዝሀር ገብተው የተማሪዎቹን ቁም ሳጥን ሲሰባብሩ የጻፉት እርሳቸው ናቸው።

ከሀበሻ ምድር የመጣ አንድ ደረሳ በሪዋቅ ማደሪያ ማግኘቱ፣ ከሰባት ትውልድ በኋላ ለግብፅ ሕዝብ የታሪክ ጸሐፊውን ሰጠው። ለአንድ ተማሪ የሚሰጥ ዳቦ የት እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዳቦው በመንግሥት እጅ ሲገባ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብፅ ገዢ የሆነው ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ሠራዊትና ፋብሪካ ለመገንባት ገንዘብ ይፈልግ ነበር። እጁን ወደ ወቅፍ መሬቶች ዘረጋ። መጀመሪያ ግብር ጣለ፤ ቀጥሎ መሬቱን ለክቶ አብዛኛውን ወሰደ። በ1836 ስለ ግብፅ መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ሌን፣ አዝሀር በዚህ ምክንያት ብዙ ንብረቱን እንዳጣ ጽፏል። አልጀበርቲም ይህን እያዩ በምሬት ጽፈዋል።

ያው ገዢ ግን በሌላ እጁ አዲስ ነገር ጀመረ። በ1826 ከ40 በላይ ተማሪዎችን በመንግሥት ወጪ ወደ ፓሪስ ላከ። የአልጀበርቲ ወዳጅ በነበሩት በሸይኽ ሐሰን አልዐጣር ጥቆማ፣ ሪፋዓ አጥጠህጣዊ የተባሉ ወጣት አዝሀሪ የተማሪዎቹ ኢማም ሆነው አብረው ሄዱ። የሄዱት ሊያሰግዱ ነበር። ነገር ግን ፈረንሳይኛ ተምረው፣ ትርጉም አጥንተው በ1831 ተመለሱ፤ በ1835 የተከፈተውን የቋንቋዎች ትምህርት ቤትም መሩ። መስጂድ የሚያገለግል ሰው ከዘመናዊ ትምህርት የራቀ ነው ለሚል ሁሉ የጠህጣዊ ታሪክ መልስ ነው።

በ1832 ደግሞ ክሎት ቤይ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም 12 ግብፃውያን የሕክምና ተማሪዎችን ይዞ ፓሪስ ሄደ። በሕክምና ዶክትሬት እንዲያገኙ የተላኩ ነበሩ።

እዚህ ላይ የዳቦው ባሕርይ ተቀየረ። በሪዋቅ ዘመን ደረሳው ሸኹን ይመርጣል፤ የሚቀራውን ኪታብ ይመርጣል። በአዲሱ አሠራር ግን መንግሥት ይመርጣል። አንተ መርከብ ሥራ፣ አንተ መድፍ፣ አንተ ሕክምና። ከፋዩ ሕያው ነውና ሐሳቡንም ሊቀይር ይችላል። ቀየረም። ዐባስ ቀዳማዊ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በፓሪስ የነበረው የግብፅ ትምህርት ቤት በ1849 ተዘጋ። በሂጅራ 818 የሆነው በሌላ መልክ ተደገመ።

ሦስት አዝሀሪዎች፣ ሦስት ከፋዮች

ወደ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንምጣ። አዝሀር ውስጥ ያለፉ ሦስት ሰዎች አውሮፓ ሄደው ዶክትሬት ሠሩ። የእያንዳንዳቸው ወጪ የተሸፈነው በተለያየ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ጠሃ ሑሴን ናቸው። በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋ፣ ከአዝሀር ወደ አዲሱ የግብፅ ዩኒቨርሲቲ የተሻገሩ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1908 ሲከፈት በሕዝብ መዋጮ የቆመ ነበር። የኸዲቭ ኢስማዒል ልጅ ልዕልት ፋጢማ መሬት ሰጥታለች፣ ጌጣጌጦቿን ለግሳለች፣ እርሻ ወቅፍ አድርጋለታለች። እህቶች፣ ይህን አስተውሉ። ጠሃ ሑሴን በ1914 በዩኒቨርሲቲው ዶክትሬት አግኝተው ወደ ፈረንሳይ ተላኩ። በ1915 ግን ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አጠረውና ተማሪዎቹን መልሶ ጠራ። ዓይነ ስውሩ ተማሪ የጀመሩትን ትተው ካይሮ ተመለሱ። ሱልጣን ሑሴን ካሚል ጣልቃ ከገቡ በኋላ ነው ዳግም የሄዱት። በ1918 በሶርቦን ስለ ኢብኑ ኸልዱን የጻፉት ዶክትሬት ተቀባይነት አገኘ። በኋላ በጻፏቸው አንዳንድ ነገሮች ዑለሞች አጥብቀው ተቃውመዋቸዋል፤ ያ ሌላ ርእስ ነው። እኛ የምንይዘው የገንዘቡን ታሪክ ነው። መጀመሪያ 1415፣ ቀጥሎ 1849፣ ከዚያም 1915። ኪሱ ሲደርቅ ወይም የከፋዩ ልብ ሲቀየር የሚመለሰው ተማሪው ነው።

ሁለተኛው ሙሐመድ አልበሂ ናቸው። በ1931 ወደ ጀርመን ሲላኩ ወጪያቸውን የሸፈነው የቡሐይራ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ነበር። ሸይኽ ሙሐመድ ዐብዱህ የተገኙት ከዚያ ክፍለ ሀገር በመሆኑ፣ በስማቸው የትምህርት ዕድል ተዘጋጀ። አልበሂ በ1936 በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙት ራሳቸው ሙሐመድ ዐብዱህ ላይ በጻፉት ጥናት ነው። በኋላም የግብፅ የአውቃፍ ሚኒስትር ሆኑ። አንድ ክፍለ ሀገር «ከኛ የወጣውን ሊቅ በሐውልት ሳይሆን በተማሪ እናስታውሰው» ሲል ምን እንደሚገኝ እዩ።

ሦስተኛው ሸይኽ ሙሐመድ ዐብዱላህ ድራዝ ናቸው፤ ረሒመሁላህ። በ1936 በአዝሀር ወጪ ፈረንሳይ ሄዱ። ዕድሜያቸው ከ40 አልፎ ነበር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ፓሪስ በጀርመን ሠራዊት ተያዘች። እርሳቸው ግን ሥራቸውን አልተዉም። በ1947 በሶርቦን «የቁርኣን ሥነ ምግባር» በሚል ርእስ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁትን ዶክትሬት አቀረቡ። ከሄዱ 11 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከአውሮፓ ፈላስፎች ጋር በራሳቸው ቋንቋ ተከራክረው፣ የቁርኣንን ሥነ ምግባር ራሱን የቻለ ሥርዓት አድርገው ያቀረቡበት ሥራ ነው። የላካቸው ተቋም ጥያቄያቸውን ስለሚጋራ ጥያቄያቸውን መቀየር አላስፈለጋቸውም። «ከፋዩ ጥያቄውን ይወስናል» የሚባለው ለክፉ ብቻ አይደለም። ከፋዩ የራስህ ወገን ሲሆን የራስህን ጥያቄ ይዘህ ትሄዳለህ።

ከ1950ዎቹ ወዲህ

የአፍሪካ ሀገራት ነፃ ሲወጡ የስኮላርሺፕ በር ከየአቅጣጫው ተከፈተ። በ1959 ካይሮ ውስጥ ከየሀገሩ ለሚመጡ የአዝሀር ተማሪዎች መዲነቱል ቡዑስ የተባለው የመኖሪያ ከተማ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት እንግሊዝና የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕን አቋቋሙ። በ1960 ሶቪየት ኅብረት በሞስኮ የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲን ከፈተች። በ1961 የመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የኛም ሀገር በ1958 ለሌሎች አፍሪካውያን ተማሪዎች የትምህርት ዕድል መስጠቷን አስታውቃ ነበር። እያንዳንዱ ሰጪ የራሱ ዓላማ ነበረው። አንዱ ወዳጅ ፈለገ፣ አንዱ ርእዮተ ዓለም ሊያስፋፋ፣ አንዱ ዳዒ ሊያፈራ። ይህን ማወቅ ዕድሉን አለመቀበል ማለት አይደለም። ዓይንን ገልጦ መቀበል ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለኛ ትምህርት የሚሆነው የኬንያው ነው። በ1959 ቶም ምቦያ የመሩት ጥረት 81 ተማሪዎችን በአንድ አውሮፕላን ወደ አሜሪካ ወሰደ። ለአውሮፕላኑ ገንዘብ ያዋጡት አሜሪካውያን ነበሩ። የቀረውን ግን የተማሪዎቹ ቤተሰቦችና የመንደራቸው ሰዎች ሰብስበዋል። በቀጣዩ ዓመት ከሄዱት አንዷ ዋንጋሪ ማታይ በ1971 በናይሮቢ ዶክትሬቷን ስታገኝ፣ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላለች።

በ1983 ደግሞ የእስላማዊ ልማት ባንክ አባል ባልሆኑ ሀገራት ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ጀመረ። ኢትዮጵያም የባንኩ አባል አይደለችም። የአሠራሩ ውበት እዚህ ላይ ነው። ለተማሪው ገንዘቡ ቀርዱል ሐሰን፣ ያለ ወለድ ብድር ነው። ለማኅበረሰቡ ግን ስጦታ ነው። ተማሪው ሥራ ሲይዝ ብድሩን የሚመልሰው በሀገሩ ለተቋቋመ የትምህርት አደራ ሲሆን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ተማሪ ይማርበታል። የሪዋቁ ዳቦና የካኒም መዋጮ በዘመናዊ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ይህን ይመስላሉ። በ1992 ባንኩ ለዶክትሬትና ከዚያ በላይ ላለ ምርምር የሚሆን ሌላ ፕሮግራም ጨመረ።

ታዲያ ዛሬ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የዶክትሬት ነገር ከመጀመሪያ ዲግሪ እንደሚለይ እንወቅ። በብዙ ሀገር የዶክትሬት ተማሪ የሚከፍል ሳይሆን የሚከፈለው ነው፤ ምርምሩ ሥራ ነውና። በስዊድን አብዛኛው የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝተኛ ነው። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያውን ትተው፣ ተማሪው በማስተማር ወይም በምርምር እያገዘ የኑሮ ገንዘብ ይሰጡታል። በጀርመን የምርምር ቅጥርም፣ ዳድ የሚሰጠው ስኮላርሺፕም አለ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም የዶክትሬት ደረጃ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን ጥያቄና አማካሪ መምህር ነው። ድሮም ደረሳ «የትኛው ቤት ምግብ አለ?» ብሎ ሳይሆን «ይህን ኪታብ የሚያቀራ ሸኽ ወዴት ነው?» ብሎ ነበር የሚነሳው። መምህሩ የጻፈውን አንብብ፣ ጥያቄህን አጥራ፣ ከዚያ ጻፍለት።

ሁለተኛ፣ ውሉን አንብብ። ስንት ዓመት ይሸፍናል? ጥናቱ ቢዘገይስ? ድራዝን 11 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ቲኬት፣ የሕክምና ዋስትና፣ ለቤተሰብ የሚሆን አለው? የመመለስ ግዴታ አለው? ዋስ አስጠርቶህ ከሆነ፣ አንተ ብትቀር ዋስህ ምን ይሆናል? የሰው አደራ በልቶ መማር በረካ የለውም።

ሦስተኛ፣ ስኮላርሺፕ ከደላላ አይገዛም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቅ ይሆናል፤ ያም በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው የሚከፈል ነው። «የተረጋገጠ ቦታ አለኝ፣ ብሩን ላክ» የሚልህ ሰው የሚሸጠው ተስፋህን ነው።

አራተኛውና ዋናው ለማኅበረሰባችን ነው። ሙሉ ወጪው የተሸፈነለት ተማሪ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ከመሄዱ በፊት ነው። የቋንቋ ፈተናው በዶላር ይከፈላል። ፓስፖርት አለ፣ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥ አለ፣ ቪዛ አለ፣ እዚያ ደርሶ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ የሚበላው አለ። የብዙ ሺህ ዶላር ዕድል በዚህች ትንሽ ክፍተት ይጠፋል። የአባት ሀብት ያለው ይሻገራታል፤ የድሃ ልጅ እዚያው ይቀራል።

ይህችን ክፍተት መድፈን ከአንድ ከተማ ጀማዓ አቅም በላይ አይደለም። የካኒም ሰዎች በግመል ልከዋል፤ እኛ በስልካችን እንልካለን። አንድ ከተማ በዓመት አንድ ተማሪ ቢይዝ፣ በታወቀ ሸኽ ስም ቢሰየም፣ ሒሳቡ በግልጽ ቢነገር፣ ተማሪውም ሥራ ሲይዝ የወሰደውን ለቀጣዩ ቢመልስ፣ እርሱ የኛ ሪዋቅ ነው። በዘካ ጉዳይ ዑለሞቻችን ይጠየቁ፤ የሰደቃና የወቅፍ በር ግን ክፍት ነው። ሱቅ ያለው የአንድ ወር ኪራይ፣ ጌጥ ያላት ከጌጧ፣ ምንም የሌለው ማመልከቻ በማረም ሊሳተፍ ይችላል። ባለቤት ይኑረው፤ ጠባቂ ይኑረው። የሂጅራ 818 ታሪክ ያስተማረን ጠባቂ የሌለው ወቅፍ በአንድ ሹም ቃል እንደሚበተን ነው።

የወሎ እናት ከሌማቷ ቆርሳ ለደረሳ ስትሰጥ ልጁ የማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። ኪታቡን ጨርሶ ዓሊም ሲሆንም ላታየው ትችላለች። አጅሯ ግን አልጠፋም። ዛሬም በየሰፈራችን ጥያቄ ያለው፣ ዳቦ የጎደለው ተማሪ አለ።

አላህ ከሚጠቅም ዒልም ይወፍቀን፣ ለዒልም ፈላጊዎች በሩን ይክፈት፣ ከማይቋረጥ ሰደቃ ባለቤቶች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ይጠቅመዋል ለምትሉት ተማሪ አድርሱልን።